በካርቲየ ሰባት ቢስ ስም ሲጠራ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አለምሰገድ ገለታ
አዲስ አበባ

«አሰላሙ ዐለይኩም» ልበልዎ ወይስ «ጤና ይስጥልኝ» እያልኩ ሳመነታ ውዬ በመጨረሻ ሁለቱንም ብያለሁ፤ የወደዱትን ይቀበሉኝ። እርስዎም ወይዘሮ የውብዳርም እንዴት ናችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሙቀቱም ትንሽ መለስ ብሎልናል።

ደብዳቤዎን ሹፌሩ ጀንበሬ ሲያመጣልኝ ሱቅ ውስጥ ሽርጥ እያጣጠፍኩ ነበር። «ከአለምሰገድ ገለታ ነው» አለኝ። የምን አለምሰገድ? አልኩት። «የሬዲዮው ነዋ! የጋዜጠኛው! ባለቤቱ ቃሊቲ ድረስ መጥታ መኪናዬን አፈላልጋ ደብዳቤውን ሰጠችኝ» አለ። ሽርጡ ከእጄ ወደቀ። ያጋነንኩ እንዳይመስልዎ፣ ሚስቴ ሱሪያ ምስክር ናት፤ እስካሁን ትስቅብኛለች።

«በከባድ መኪና ውስጥ በእኔ ድምፅ ፊልም ሲተርክ የሚሰማው ሰው እርስዎ ነዎት ወይ?» ብለው ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ እኔ ነኝ። ካስቀየምኩዎ ከእግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርዎ።

ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አባቴ ሬዲዮኑን ደጃፍ ላይ ያኖረው ነበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። እርስዎ «ከስፍራው፣ አለምሰገድ ነኝ» ሲሉ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው እንኳ አገጩን ያቆም ነበር። ከግንባር ሲያወሩ አቧራው የኛ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ጎርፍ ከወሰደው መንደር ሲያወሩ እናቴ ተነስታ የኛን በር ታያለች። እኔ ከወንድሞቼ ጋር ተጣልቼ ለመክሰስ ስሄድ «ከስፍራው፣ ነጅሙዲን ነኝ» ብዬ ነበር የምጀምረው። እናቴ ትስቅና ክሱ ውድቅ ይሆናል። ምኞቴ እንደርስዎ መሆን ነበር። ግን የአጎቴ የኒዛር የጨርቅ ሱቅ ወደ ጅቡቲ ጠራኝና ይኸው እዚሁ ቀረሁ።

አጎቴ ካርቲየ ሰባት ቢስ በሚባለው፣ ከኛው ሰፈር ቀጥሎ ባለው ሰፈር፣ ቪዲዮ ቤትም አለው። ወደብ ላይ የጭነት ወረፋ የሚጠብቁ የኛ አገር ሹፌሮች ከቀትር በኋላ፣ ጫቱ ሲደርስ፣ እዚያ ይሰበሰባሉ። ፊልሞቹ በፈረንሳይኛ ስለሆኑ እኔ ከስክሪኑ ጎን ማይክ ይዤ እቆምና ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ፊልሙ ሲከፈት የምናገረው በእርስዎ ድምፅ ነው፤ ያለዚያ ፊልም የተጀመረ አይመስለኝም። ሰይፍ ሲመዘዝ ግን እረሳውና የራሴ ይወጣል። ያንን ነው ሹፌሮቹ በስልካቸው እየቀዱ መንገድ ለመንገድ የሚያስጮሁት።

«ጩኸቱስ የምንድን ነው?» ላሉኝ፣ እሱ ስም ጥሪ ነው። የጥንት ጀግኖች በፈረሳቸው ስም አባ እንዲህ፣ አባ እንዲያ ይባሉ የለ? የኛ ሹፌሮች ፈረስ መኪናቸው ነው። ለራሱ ስም የሚያወጣ የለም፣ ስሙን የሚያወጣለት የቪዲዮ ቤቱ ሰው ነው። ጀንበሬ ሌላው መኪና ሁሉ በሚያለከልክበት ዳገት ላይ ማርሽ ቀይሮ የሚዘፍን ስለሆነ «አባ ዳገት» ተብሏል። ፊልም ሳይጀመር እኔ «አባ ዳገት!» እላለሁ፣ እሱ «አለሁ!» ይላል። መንገድ ላይ ወይም ወደብ ውስጥ ከሆነ ደግሞ በቅርብ ያየው ሰው «አለ!» ብሎ ይመልስለታል።

አምና «አባ ገስግስ» የምንለው ልጅ ከጋላፊ ድንበር ወዲህ ተገልብጧል የሚል ወሬ መጣና ደብዛው ጠፋብን። ስሙን ጠራሁት። ሁሉም ወደ በሩ አየ። አሁንም ደግሜ ጠራሁ። ገና ከበሩ እየገባ የነበረ አንድ ሹፌር «አለ! ዲኪል ሐኪም ቤት እግሩን በጄሶ ታስሮ ተኝቷል፣ ነርሷንም ሊያገባ ነው!» አለ። ያን ቀን ፊልሙን ያየ ሰው የለም፤ ስንተቃቀፍና ስንስቅ አመሸን።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስልክ ሞልቶ ሳለ ለምን በወረቀት? እኔስ ደስ ብሎኛል፤ ቢደውሉልኝ ኖሮ አንዲት ቃል አትወጣኝም ነበር። ደግሞ «እርስዎ» የሚሉኝን ይተዉልኝ። ልጅዎ ነኝ፣ አንተ ይበሉኝ።

አክባሪዎ
ነጅሙዲን ሳቢት


አዲስ አበባ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ነጅሙዲን፣

እንዳዘዝከኝ «አንተ» ብያለሁ። ከሁለቱ ሰላምታዎችህ አንዱን እኔ ወስጄ ሌላውን ለየውብዳር ሰጥቻታለሁ። ይቅርታህን ግን በጀንበሬ መልሼልሃለሁ፤ እዚህ ቤት የተቀየመ ሰው የለም።

ጀንበሬ የሰጠንን ቅጂ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሰማሁት። አርባ ዓመት ሙሉ ማይክ ፊት ስናገር አንድም ቀን የመለሰልኝ ሰው የለም። ሬዲዮ እንዲህ ነው፤ አንተ ትናገራለህ፣ የስቱዲዮው መስታወት ያይሃል። ሰው ይስማህ አይስማህ የምታውቀው በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ነው። አንተ ግን «አባ ዳገት!» ስትል እዚያው ይመለስልሃል። ቀናሁብህ፤ ይህን ልደብቅህ አልችልም። የዲኪሉን ነገር ለየውብዳር አነበብኩላት ልልህ ነበር፤ ራሷ ናት ያነበበችው፣ አለቀሰችም።

ለምን በወረቀት ላልከው፣ ጉንፋን ቢጤ ይዞኛል። ደግሞም አፌ ብዙ ዘመን ሠራ፣ አሁን የጣቴ ተራ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ያለ ምክንያት አልጻፍኩልህም። «ሰባተኛው ጋሻ» የሚባለውን ፊልም መቼም ሳታየው አትቀርም፤ ዓለም ሁሉ የተሰለፈለት ነው። እዚህ አንድ ድርጅት በአማርኛ ትረካ ሊያወጣው ነው፤ ተራኪው እኔ ነኝ። ማስታወቂያው ላይ ስሜ በትልቁ ይወጣል። እና እስቲ ንገረኝ፣ አንተ ይህን ፊልም እንዴት ነው የምትተርከው? ጦር ሲገጥም ትንፋሽህ እንዴት ይበቃሃል? ጉሮሮህ ሲዝል ምን ታደርጋለህ? ሳቅ ብለህ አትለፈው፣ ከልቤ ነው የምጠይቅህ።

ሌላው ደግሞ፣ መኪና የሌለው ሰው በእናንተ ቤት ስም ይወጣለታል?

አለምሰገድ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት
ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ አለምሰገድ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ጉንፋኑ እንዴት አደረገዎ? ጀንበሬ የያዘው ካርቶን ውስጥ ተምርና የሐረር ማር አለ። ማሩን በሞቀ ውሃ ይውሰዱት። በዚህ ጊዜ ካርቶኑን ከበር ሰጥቶ እንዳይመለስ፣ ቤት ገብቶ ራሱ እንዲያስረክብዎ ነግሬዋለሁ።

«ሰባተኛው ጋሻ»ን እርስዎ! ወላሂ፣ ሳነበው ጮህኩ። ለቤቱ ስነግር ሹፌሮቹ ስክሪኑን በጭብጨባ ሊጥሉት ነበር። ማንም ሌላ ሰው ሊተርከው አይገባም። እዚህ በፈረንሳይኛ ስንት ጊዜ እንዳሳየነው አልቆጠርኩም፤ አሁንም «እሱን ክፈት!» ይሉኛል።

ያዩት ቢሆንም እኔ እንደማየው ልንገርዎ። ሮዳክ ጠላት ጩኸቱን ሰምቶ ብቻ የሚሸሸው ጦረኛ ነው። እኛ ቤት «አባ ነጎድጓድ» እንለዋለን። ታላቁ ጦርነት በሚውልበት ቀን ጭኑን ቆስሎ ፈረስ ላይ መውጣት ያቅተዋል። ሠራዊቱ ይህን ካወቀ ይበተናል። ያን ጊዜ ጋሻ ጃግሬው፣ ያ ዕድሜ ልኩን ከኋላ ከኋላ ሲከተል የኖረው ሰው፣ የጌታውን ጥሩር ለብሶ፣ የጌታውን የራስ ቁር ደፍቶ፣ በጌታው ፈረስ ይወጣል። ሠራዊቱ ሮዳክ መጣ ብሎ ያገሳል። ጋሼ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ድምፄ ይሰበራል። እንዴት ያለ ታማኝ ሰው ነው! ለሱ ግን የፈረስ ስም አላወጣሁለትም፤ የተቀመጠበት ፈረስ የጌታው ነዋ።

ትንፋሹ ከየት ይመጣል ላሉኝ፣ ከሹፌሮቹ ነው። እኔ ሲደክመኝ እነሱ ይፎክራሉ፣ በዚያ መሐል ውሃዬን እጠጣለሁ። ጉሮሮዬ ሲዝል ደጃፋችን ላይ ሻይ የምትሸጠው ኻሊዳ ዝንጅብል የበዛበት ትሰጠኛለች። አማርኛ አትችልም፣ ግን ከጩኸቱ ብቻ ማን እንደሞተ ታውቃለች።

መኪና ለሌለው ሰውም ስም ይወጣለታል። ግን መጥቶ መቀመጥ አለበት። ሳይመጣ የተጠራ የለም፣ ሕጉ ነው!

አክባሪዎ
ነጅሙዲን


አዲስ አበባ
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ነጅሙዲን፣

ጀንበሬ ማሩንም ተምሩንም በእጄ አስረክቦኛል። ያየውን ሳይነግርህ እንደማይቀር ከፊቱ አውቄያለሁ። የላክህልኝ አጭሯ ወረቀትህም ደርሳኛለች። «እውነት ነው ወይ?» ላልከኝ፣ እውነት ነው።

ጉንፋን አይደለም። ባለፈው ሰኔ ማንቁርቴን ቆርጠው አወጡት። ሕመሙ ክፉው ነበር፤ አሁን ጠፍቷል ይሉኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እተነፍሳለሁ፣ እበላለሁ፣ እስቃለሁም፤ ሳቄን ግን የሚሰማው የለም። አንገቴ ላይ ሻሽ አስራለሁ። ከሐኪሞቹና ከየውብዳር በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አሁን አንተና አባ ዳገት ተጨምራችኋል።

የቀረውንም ልንገርህ። ሐምሌ ላይ የፊልሙ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ አዋሽ ላይ ምሳ ሲበላ አጠገቡ ከቆመ ከባድ መኪና ትረካ ይሰማል። የሰማው ያንተን መግቢያ ነበር። እዚያው ሆኖ ደወለልኝ። የውብዳር ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። «ጋሼ፣ አሁን በመኪና ውስጥ ሰማሁዎ፤ ድምፅዎ እንደ ጥንቱ አለ!» አለኝ። አለ! አለኝ እኮ። ነጅሙዲን፣ አይ፣ የለም ማለት አቃተኝ። አንገቴ ላይ ፋሻው ሳይፈታ፣ ድምፄ አለ የሚል ሰው ተገኘና ደስ አለኝ። የውብዳር እሺ ብሏል እንድትል በእጄ ምልክት ሰጠኋት። ውሉ ሲመጣም ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ ነው ያንን መኪና ያስፈለግሁት።

አሁን ለመቅዳት እየጠሩኝ ነው። ሰበብ አልቆብኛል። የምለምንህ ነገር የሚያስከብረኝ አይደለም፣ ግን እለምንሃለሁ። አንተ ቅዳው። ስሙ የኔ፣ ድምፁ ያንተ ይሁን። የሚለየን የለም፤ እኔ ራሴ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን የድሮ ቅጂዬ መስሎኝ ነበር። ሰው እኔን በሰውነቴ ሳይሆን በድምፄ ነው የሚያውቀኝ። ድምፄ ሞተ ከሚባል እኔ ሞትኩ ቢባል እመርጣለሁ።

እምቢ ብትለኝ አልቀየምህም።

አለምሰገድ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼዬ፣

ደብዳቤዎን ሱቁን ዘግቼ ነው ያነበብኩት። አለቀስኩ። ሱሪያም አለቀሰች። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ድምፅ ሄዶ ሰው ከቀረ ተመስገን ነው። ከዚያ ወዲያ «እምቢ ብትለኝ» የምትለዋን መስመር ሳነብ ተናደድኩብዎ። እንዴት እምቢ እላለሁ? ድምፁ መጀመሪያውኑ የእርስዎ ነው፤ እኔ ተውሼ ስጠቀምበት የኖርኩትን ብመልስ ምን ይገርማል? ማስታወቂያው ላይ የእርስዎ ስም ወጥቶ እኔ ከኋላው መቆሜ ለኔ ክብር ነው። ያ ጋሻ ጃግሬ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያውን ክፍል በጀንበሬ ልኬልዎታለሁ፣ ፍላሿ ከተምሩ ከረጢት ውስጥ ናት። ቤት ውስጥ ጫጫታ ስለሚበዛ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ግንብ ጥግ ሄጄ ነው የቀዳሁት። እዚያ አሁን ከቁራ በቀር የሚናገር የለም። ከክፍሉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል እንኳ ከእርስዎ አነጋገር እንዳትወጣ ተጠንቅቄያለሁ። የፈረስ ስሞቹንም አውጥቻቸዋለሁ፤ እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር በሬዲዮ ተናግረው ስለማያውቁ ይነቃብናል።

ሐሙስ ዕለት በቪዲዮ ቤቱም ሞከርኩት። ምንም ሳልነግራቸው፣ ስም ሳልጠራ፣ ከዳር እስከ ዳር በእርስዎ ድምፅ ተረክሁ። ሹፌሮቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ትንፋሽ አላሰሙም። በአክብሮት ይመስለኛል። ሱሪያ ግን አይመስላትም። ኻሊዳ ደግሞ ሻዩን ይዛ ስትገባ በሶማልኛ «ዛሬ ፊልም የለም እንዴ?» አለችኝ። እሷ ምን ታውቃለች?

የታዘብኩት ነገር ቢኖር ጉሮሮዬ ቶሎ መድከሙ ነው። ግን ግድ የለም። ጾሙ ሳይገባ እጨርሰዋለሁ ኢንሻአላህ። እርስዎ ብቻ ሐሳብ አይግባዎ።

ልጅዎ
ነጅሙዲን


አዲስ አበባ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ነጅሙዲን፣

የኛ ጾም ገብቷል፣ የናንተም በደጅ ነው። የሁለታችንንም ይቀበልልን።

ፍላሿን ሰማሁ። የውብዳር ወጥ ቤት ነበረች፤ እጇን ሳትጠርግ እየሮጠች መጣች። የተናገርኩ መስሏት ነው። በር ላይ ቆማ እኔንና ማጫወቻውን ስታይ ፊቷ ምን እንደሆነ አልጽፍልህም። ይህን ያህል ነው የሠራኸው። ባለሙያ ነህ፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው አላጋጠመኝም።

አልፈልገውም።

አትቆጣ፣ እስከ መጨረሻው አንብብ። ስሰማው ሃያ ዓመት ወደ ኋላ የሄደ አለምሰገድን ሰማሁ። ጥሩ አንባቢ ነው። ግን ያ ሰው አስጎምጅቶኝ አያውቅም። ከዚያ ያንተን የድሮውን ቅጂ፣ ያንን ጀንበሬ መጀመሪያ የሰጠንን፣ መልሼ ከፈትኩ። «አባ ዳገት!» ብለህ ስትጮህ፣ ትንፋሽ አጥሮህ ውሃ ስትጠጣ፣ ሹፌሮቹ ሲፎክሩልህ። ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። በሰባት ቢስ የተቀመጥኩ መሰለኝ። እኔ አርባ ዓመት ለሰው ሳወራ ነበር፤ አንተ ከሰው ጋር ታወራለህ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ አንተ የራስህን ወርቅ አሽቀንጥረህ የኔን ታጸዳለህ።

ኻሊዳ ልክ ናት። ያን ቀን ፊልም አልነበረም።

ደግሞ ስለ ጋሻ ጃግሬው። እንዲያ እያደነቅከው ታሪኩን ስትጽፍልኝ መጨረሻውን ዘለልከው። የጌታውን ጥሩር የለበሰው ጋሻ ጃግሬ ይሞታል፣ ነጅሙዲን። መቃብሩ ላይም የጌታውን ስም ይጽፉበታል። ሮዳክ ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ተኝቶ የራሱን ለቅሶ ይሰማል። እኔ ያንን ለቅሶ መስማት አልፈልግም። ስም ሳታወጣለት የቀረኸው ሰው ምን እንደተሰማው አስበህ ታውቃለህ?

ያደረግሁትን ልንገርህ። ትናንት ድርጅቱ ሄድኩ። ወረቀት አውጥቼ «አዋሽ ላይ የሰማችሁት ድምፅ የኔ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፤ ጋሼ ይቀልዳሉ አለ። ሻሹን ፈታሁት። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። ከሰኔ ጀምሮ ስፈራው የኖርኩት ነገር ይኸው ነበር፣ ሲሆን ግን ኮት የማውለቅ ያህል ቀለለኝ። ማስታወቂያው በስሜ ታትሟል አሉ። ቅደዱት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ያንኑ ያንተን የድሮውን ቅጂ ከፈትኩላቸው።

መልሳቸውን አልነግርህም። ከዒድ በኋላ ተነስተህ ና። የራስህን ድምፅ ይዘህ ና፤ የኔን እዚያው ባቡር ጣቢያ ለቁራዎቹ ተውላቸው።

አለምሰገድ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ አለምሰገድ፣

በሰላም ገብቻለሁ። በባቡር ስመለስ ድሬዳዋ ላይ ወርጄ እናቴን አየኋት። ማስታወቂያውን ዘርግቼ «ተራኪ፦ ነጅሙዲን ሳቢት» የሚለውን ሳሳያት «ክሱ ተፈረደልህ» አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያም አለቀስን። የፋሲካውን ድፎ ዳቦ ወይዘሮ የውብዳር ቋጥረው የሰጡኝን ከሷ ጋር በላነው።

«ያን ቀን ስቱዲዮ ውስጥ ለምን ሦስቴ አቋረጥክ?» ላሉኝ፣ ፈርቼ ነው። መስታወቱ ፊት ስቆም የሚመልስልኝ ሰው አጣሁ። እርስዎ የነገሩኝ የአርባ ዓመት ዝምታ ያኔ ገባኝ። ሊሸሽ የተዘጋጀ እግር ነበረኝ። ቀና ስል እርስዎ ከመስታወቱ ወዲያ ከወንበርዎ ተነስተው፣ ሁለት እጅዎን ወደ ላይ አድርገው እንደ ሹፌሮቹ ይወዛወዛሉ። ያ የተከበረ ጋዜጠኛ ነው ወይስ ወደብ ላይ ወረፋ የደረሰው ሰው? ከዚያ ወዲያ ያለው ትረካ ሁሉ ለእርስዎ የተተረከ ነው። እንዲህ ያለ አድማጭ ከአሁን በኋላ የትም አላገኝም።

ለጋሻ ጃግሬውም ስም አውጥቼለታለሁ፣ እርስዎ ባሉት ቦታ ላይ፣ ከመሞቱ በፊት የራስ ቁሩን ሲያወልቅ። «አባ ግለጥ» ብዬዋለሁ። መሐንዲሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እያለቀሰ ነበር ልበል?

ድርጅቱ የመጀመሪያው ማሳያ በኛ ቪዲዮ ቤት እንዲሆን መፍቀዱን ጽፎልናል። ማን እንደጠየቀ አውቃለሁ፣ አይካዱኝ። አጎቴ ኒዛር ለዚያ ቀን ግድግዳውን ቀለም ሊያስቀባ ነው። ሹፌሮቹ እንደ ሠርግ ነው የያዙት።

እንግዲህ ሰበብ አይኖርም። ጀንበሬ ወደዚህ ሲመጣ ጋቢናው ውስጥ ለእርስዎ ቦታ ይዟል። ሙቀቱ ጀምሯል፣ ግን ጥሩ አየር ማቀዝቀዣ አለን። ቤቱ የእርስዎን ስም ሲመክርበት ሰንብቷል። ምን እንደሆነ አልነግርዎትም። ሕጉን ያውቃሉ።

ልጅዎ
ነጅሙዲን


አዲስ አበባ
ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ነጅሙዲን፣

በደህና ገብተናል። ጀንበሬ ከጅቡቲ እስከ ቃሊቲ አፉን አልዘጋም፤ ለሁለታችንም የሚበቃ አፍ አለው። የሱሪያን ሳምቡሳ አዋሽ ላይ ጨረስነው። ለየውብዳር የላከችላት ሽቶም ደርሷታል በልልኝ።

ስለ ፊልሙ ምን ልበልህ? ስምህ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ እነዚያ ሹፌሮች የጮኹት ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ብዙ ታላላቅ ሰዎችን ቃለ መጠይቅ አድርጌያለሁ፤ ጄኔራል አይቻለሁ፣ ሻምፒዮን አይቻለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ እንዲህ የተወደደ ሰው ግን አላየሁም። «አባ ግለጥ» ስትል አጠገቤ የተቀመጠው፣ እግሩን የሚያነክሰው አባ ገስግስ፣ ጫቱን ከእጁ ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አሁን የጠየቅከኝን ልመልስ። «ስም ሲጠራ ለምን ተነስተው ወጡ? ሙቀቱ ነው ወይስ ተቀየሙ?» ብለሃል። በሻይ ሰዓትም ልትጠይቀኝ ፈልገህ እንደተውከው አይቻለሁ። ሙቀቱ አይደለም። የተቀየመም የለም።

ከፊልሙ በፊት የሁሉንም ስም ጠርተህ ስትጨርስ ተራዬ መድረሱን ረስቼው ነበር። «አባ አድምጥ!» አልክ። ማንን እንደምትጠራ አልገባኝም። ጀንበሬ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ሁሉም ወደኔ አየ። እኔም ልመልስልህ አፌን ከፈትኩ። አዎ፣ ረስቼ። ድምፄን ካጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ፣ በስሜ ስትጠራኝ ረሳሁትና አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያን ጊዜ ጀንበሬ «አለ!» አለ።

ከኋላ አንዱ «አለ!» አለ። ከዚያ አባ ገስግስ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ «አለ! አለ!» እያለ ወንበር ይደበድብ ጀመር። ኻሊዳ ትሪዋን እንደያዘች ከበሩ ላይ ሆና፣ ያቺ አማርኛ የማታውቅ ሴት፣ «አለ!» ስትል ሰማኋት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እኔ ነበርኩ ስለ ሰው የምናገረው። ማን ቆሰለ፣ ማን ድል አደረገ፣ ማን ተረፈ። ስለ እኔ ሰው ሲመልስልኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። መቀመጥ አልቻልኩም፤ ለዚህ ነው የወጣሁት።

ደጃፉ ላይ ቆሜ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ቀለሙ አልደረቀም ነበር፣ ኮቴ ላይ አሁንም አለ፤ የውብዳር ልታስለቅቀው ብትል ከልክያታለሁ። እዚያ ቆሜ ከንፈሬን አንቀሳቅሼ መለስኩልህ። ኻሊዳ ብቻ አየችኝና ሻይ ሰጠችኝ። አንተ ውስጥ ነበርክ፣ አልሰማህም።

ለተጠራ ሰው መልስ ሳይሰጥ መቅረት ነውር ነው። ስለዚህ ሐሙስ ስትሰበሰቡ ይህችን ወረቀት ከፍ አድርገህ ለቤቱ አንብብልኝ፤ በራስህ ድምፅ።

አለሁ።

አባ አድምጥ